ከቴፒ ወደ ሐዋሳ፦ ሐይቅ ዳር ቤት ስለ መምረጥ

ክቡራን መምህሮቻችን፣ የተወደዳችሁ የ1996 ዓ.ም. የሕክምና ምሩቃን፣ አብራችሁ የመጣችሁ ቤተሰቦች፤ ሽበቱንም ውፍረቱንም ይዘን እንደገና ጅማ ተገናኘን።

አዘጋጅ ኮሚቴው የሰጠኝ ርዕስ «ከምረቃ በኋላ ያሳለፍኩት ሕይወት» የሚል ነው። ሃያ ምናምን ዓመት በሃያ ደቂቃ አይወራም። ስለዚህ የመጨረሻዋን ትንሽ ክፍል ብቻ ልንገራችሁ፦ ከቴፒ ወደ ሐዋሳ ስለ መሄዳችን፣ እዚያም ቤት ስለ መምረጣችን።

ይህን የመረጥኩት እናንተው ስለጠየቃችሁኝ ነው። ከገባን ጀምሮ የደወላችሁልኝ ሁሉ የምትሉኝ አንድ ነው፦ «ሐይቅ ዳር ገባሽ አሉ!» ድምፃችሁ ውስጥ እንኳን ደስ አለሽ አለ፤ «በቃ ይቺ ልጅ ጡረታ ወጣች» የሚልም ትንሽ አለ። ከሚኒሶታ የደወለልኝ ጓደኛችንማ፣ እሱም ከአንድ ስቴት ወደ ሌላ ስቴት ተዛውሮ ሐይቅ የሚታይበት ቤት ሊገዛ ስለሆነ «ምን ምን ልይ?» ብሎ አማከረኝ። የእሱ ሐይቅ በክረምት በረዶ ይሆንና ሰው ይሄድበታል፤ የእኔ ጉማሬ አለበት። ምክሬ ብዙም አይጠቅመው ይሆናል። ነገር ግን ከእናንተ መካከል ባሕር ዳር፣ ቢሾፍቱ፣ ባቱ፣ አርባ ምንጭ ቦታ እያያችሁ ያላችሁ እንዳላችሁ ሰምቻለሁ። እስኪ ስሙኝ።

ቴፒን ለማታውቁ፤ ቴፒ ሸካ ዞን ውስጥ ናት፣ ከሚዛን 50 ኪሎ ሜትር ገደማ። ቆላማ፣ ሞቃት፣ ዝናቧ የማያልቅ ከተማ። ቡናው በትልልቅ ዛፍ ጥላ ሥር ነው፤ ከቡናው መሃል ኮረሪማ፣ ግንዱ ላይ የተጠመጠመ ቁንዶ በርበሬ፣ ጓሮ ውስጥ እርድና ዝንጅብል። የቅመማ ቅመም ምርምር ማዕከሉን እዚያ ያቋቋሙት ወደው አይደለም፤ መሬቱ ራሱ ቅመም ይሸታል። የታጠበ ልብስ ሦስት ቀን ተሰጥቶ የማይደርቅበት ወር አለ። እኔ እዚያ ነው ያደግሁት። ተመርቀን ዕጣ ስናወጣ «ደቡብ» ሲደርሰኝ የዘለልኩትን የምታስታውሱ አላችሁ። ሌላው ሰው አዲስ አበባ ለመቅረት ሲጸልይ እኔ እናቴ ቤት ልመለስ ነው ብዬ ነበር። መጀመሪያ ሚዛን፣ ኋላ ቴፒ ሠራሁ።

ቴፒ ያደገ ሰው ስለ ውኃ የሚያውቀው አንድ ነገር ነው፤ ውኃ ይሄዳል። ዝናቡ ይወርዳል፣ ቦዩ ይሞላል፣ ወንዙ ይወስደዋል። እጣቢ ደፋን፣ የቡና ገለፈት ጣልን፣ በነጋታው የለም። ወንዞቻችን ወደ ባሮ አኮቦ ተፋሰስ ይወርዳሉ፣ የጋምቤላን ሜዳ ያቋርጣሉ፣ ሶባትን ተቀላቅለው ነጭ ዓባይ ይገባሉ። የእኛን ቆሻሻ ማን እንደሚቀበለው ጠይቀን አናውቅም። ጤናችንም ከዚሁ ከሚሮጥ ውኃ ጋር የተያያዘ ነው። ኦንኮሰርካይሲስን በመጽሐፍ ያነበባችሁት፣ እኔ በየቀኑ በእጄ የዳሰስኩት በሽታ ነው። ጥቁሯ ዝንብ እንቁላሏን የምትጥለው እየተንፏፏ በሚወርድ ወንዝ ውስጥ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ሲያኩ አድረው ቆዳቸው እንደ እንሽላሊት የሆነ የቡና ለቃሚዎችን አይቻለሁ። አይቨርሜክቲን በየመንደሩ ሲታደል ያ ማከክ ሲቀንስም አይቻለሁ። ስለዚህ የሚሄድ ውኃ ንጹሕ ነው እያልኩ አይደለም። ጠባዩን አውቀዋለሁ ለማለት ነው።

ወደ ጉዳዩ ልምጣ። እናቴ ለዓመታት ደም ግፊትና ስኳር ነበረባት። በ2015 ዓ.ም. ክሬያቲኒኗ ወጣ፣ እንደገና ወጣ። የላቦራቶሪ ወረቀቱን ያነበብኩት እኔው ራሴ ነኝ። ለሌላ ሰው ስንት ጊዜ የተናገርነውን ዓረፍተ ነገር ለእናት መናገር እንዴት እንደሆነ ከእናንተ መካከል የሚያውቅ ያውቀዋል። «እማዬ፣ ኩላሊትሽ ደክሟል፤ በማሽን መታጠብ ሊኖርብሽ ነው» አልኳት። ዝም ብላ ቆየችና «አንቺ ሐኪም አይደለሽ እንዴ?» አለችኝ። ሌላ ምንም አላለችም።

ዲያሊሲስ በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ በየጊዜው አራት ሰዓት ገደማ ነው። ለቴፒ የሚቀርበው ይሄ ያለንበት ጅማ ነው፤ መንገዱን ታውቁታላችሁ፣ በሳምንት ሁለት ጊዜ ደርሶ መልስ ለደህና ሰውም አይሞከርም። ስለዚህ ከማሽን አጠገብ መኖር ግድ ሆነ። «ታዲያ ለምን ጅማ አልመጣሽም?» የሚል ጉርምርምታ ከወዲያ ጥግ ይሰማኛል። ጅማን ማማቴ አይደለም። ታናሽ እህቴ ሐዋሳ ናት፣ ባለቤቴም በቴፒ ግቢ ማስተማሩን ትቶ እዚያ ሥራ አገኘ። ታማሚን በሳምንት ሁለት ቀን የሚያመላልስ ሁለተኛ ሰው ቤተሰብ ውስጥ ከሌለ፣ የትኛውም ከተማ ቢሆን ሥራና ሕክምና አብረው አይሄዱም። ለታካሚዎቻችሁም ይህን ብትነግሯቸው ጥሩ ነው፤ እኛ ሐኪሞች ማሽኑን እንጂ አመላላሹን አንጠይቅም።

ወረቀቱን በአጭሩ ላውራና ልለፈው። እኔ ዕጣ ባወጣሁበት ዘመን ቴፒና ሐዋሳ አንድ ክልል ነበሩ። የመጀመሪያ የምደባ ደብዳቤዬን የተቀበልኩት ሐዋሳ ጤና ቢሮ ነው፤ የዚያን ጊዜ ሐይቁን ያየሁት አውቶቡስ እስኪሞላ ድረስ ብቻ ነው። ከዚያ ሲዳማ በሰኔ 2012 ክልል ሆነ። የእኛም ደቡብ ምዕራብ በኅዳር 2014 ራሱን ቻለና ቴፒ ከቦንጋ፣ ከተርጫና ከሚዛን አማን ጋር ከአራቱ ማዕከሎች አንዷ ሆነች። እኔ ሳልንቀሳቀስ ሐዋሳ ሌላ ክልል ሆነች ማለት ነው። ቀድሞ አንድ የዝውውር ደብዳቤ ይበቃ የነበረው፣ አሁን መልቀቂያ፣ ክሊራንስ፣ የቀበሌ መሸኛ፣ የልጆች ትምህርት ማስረጃ፣ እንደገና መቀጠር ሆነ። ያለ ሙሉ ፋይል አትነሱ፤ የቀረች አንዲት ማኅተም ከቴፒ ድረስ ትጠራለች። ልጆቼ አሁን ሲዳምኛ እየተማሩ ነው፣ ከእኔ በፊት ገበያ ላይ ይግባባሉ።

በቦንጋ፣ በጪዳ፣ በተርጫ አድርገን፣ ኦሞን ተሻግረን ወላይታ ሶዶ አደርን፤ በነጋታው ሐዋሳ። እናቴ በመንገድ ሁሉ ጭኗ ላይ የያዘችው አንድ ከረጢት ነበር፤ ቡናና ኮረሪማ።

ቤት ፍለጋው እንግዲህ እዚህ ላይ ይጀምራል።

ደላላው የወሰደን መጀመሪያ የሐይቁ ጫፍ ላይ ያለ ግቢ ነው። እውነት ለመናገር ያምራል። ፊት ለፊት ውኃው፣ ከማዶ ተራራው፣ ዓሣ አጥማጆች በጀልባ፣ አባ ኮዳዎቹ እንደ ሽማግሌ ቆመው። «ዶክተር፣ ጠዋት መስኮቱን ሲከፍቱ ሐይቁ እግርዎ ሥር ነው» አለኝ። እናቴ በዱላዋ ተደግፋ ዳሩ ድረስ ሄደች፣ ቆማ አየችው፣ ተመለሰች።

«ይሄ ውኃ ወዴት ነው የሚሄደው?» አለችው።

«የትም አይሄድም ማዘር፤ ሐይቅ እኮ ነው።»

«ታዲያ የዚህ ሁሉ ከተማ እጣቢስ?»

እሱ ሳቀ። እኔ ግን ሳልስቅ ቀረሁ፤ ጥያቄው ትክክለኛ ነው። የሐዋሳ ሐይቅ በገጸ ምድር መውጫ የለውም። ስፋቱ 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ጥልቁ ሥፍራ ከ20 ሜትር ብዙም የማይበልጥ ነው። ዓመቱን ሙሉ የሚገባለት ወንዝ ጥቁር ውኃ ብቻ ነው፤ የሚወጣለት ደግሞ በትነትና በመሬት ውስጥ ሥርገት እንጂ በወንዝ አይደለም። ከእርሻው የታጠበ አፈርና ማዳበሪያ፣ ከመኪና ማጠቢያ፣ ከልብስ ማጠቢያ፣ ከከተማው ቱቦ የገባ ሁሉ ውኃው ተኖ ሲሄድ እሱ ይቀራል። በ2008 የተመረቀው ኢንዱስትሪ ፓርክ ፍሳሹን እያጣራ መልሶ እንዲጠቀምና ውጭ እንዳይለቅ ተደርጎ የተሠራው ለዚሁ ነው። እኛ ቴፒዎች ከሚሄድ ውኃ መጥተን ከሚቀር ውኃ ጎን ልንኖር ነበር፤ የቤት አመራረጣችንም በዚህ ተለወጠ።

ትዝ ይላችኋል እዚሁ ጅማ በማኅበረሰብ አቀፍ ትምህርታችን ከቤት ቤት እየዞርን መጸዳጃ የቆጠርነው? ያኔ ስንት አማረርን! የሐዋሳን ቤት ያየሁት በዚያ ዓይን ነው። ሳሎኑን ትቼ ጓሮ ዞርኩ። የመጀመሪያው ቤት ግድግዳ ከመሬት አንድ ክንድ ያህል ከፍ ብሎ የእርጥበት መስመር ነበረው፣ አዲስ ቀለም ተቀብቶበት እንኳን ይታያል። ጠባቂውን ለብቻው አግኝቼ «የመጸዳጃ መምጠጫ መኪና በስንት ጊዜ ይመጣል?» አልኩት። «በየሁለት ሦስት ሳምንቱ» አለኝ። አንድ ቤተሰብ ብቻ የሚኖርበት ጉድጓድ በሦስት ሳምንት ከሞላ፣ የሞላው በሰው አይደለም፤ የከርሰ ምድሩ ውኃ ነው የሚገባበት። ውኃ ወደ ውስጥ ከገባ ደግሞ የውስጡም ወደ ውጭ ይወጣል። እዚያው ግቢ፣ ከመጸዳጃው አሥር እርምጃ ባልሞላ ርቀት የእጅ ጉድጓድ ነበረ። «ለአትክልት ነው» አሉኝ፤ ባልዲው አጠገብ ግን የመጠጫ ኩባያ ተቀምጧል። ስለ መስኮቱ እይታ አስር ደቂቃ ያወራን ሰዎች ስለዚህ አላወራንም ነበር።

ሁለተኛው ቤት ከዳሩ ትንሽ ገባ ያለ ነው፣ ግን ፊቱ ቄጠማ ነው። ልጆች ላሏችሁ ይህን አስረግጬ እነግራችኋለሁ። በሐዋሳ ሐይቅ ዳር ቢልሃርዚያ አለ፤ የአንጀቱ ዓይነት፣ ማንሶኒ። ቀንድ አውጣዋ የምትወደው ረጋ ያለ፣ ቄጠማና አረም ያለበት ዳር ነው። እጩ ከእሷ ወጥቶ በእግር ቆዳ የሚገባው በደቂቃዎች ውስጥ ነው፣ በብዛት የሚወጣውም ፀሐይ ጠንከር ሲል፣ ልክ ልጆች ከትምህርት ቤት ተለቀው ሲዋኙ። ጥቁሯን ዝንብ የሸሸ ሰው ቀንድ አውጣ እጅ ወደቀ ማለት ይሄ ነው። እኔ ለልጆቼ ያወጣሁት ሕግ አጭር ነው፦ ሐይቁ በጀልባ ይታያል እንጂ በእግር አይገባበትም። ገብተው ቢገኙ ምርመራው ቀላል ነው፣ ፕራዚኳንቴልም ርካሽ መድኃኒት ነው፣ አትደንግጡ። ግን የመኝታ ቤቱ በር ቄጠማ ላይ የሚከፈት ከሆነ ያንን ሕግ ማን ያስከብረዋል? ማታ ማታ ደግሞ ጉማሬ ሣር ሊግጥ ይወጣል። ደላላው ይህንን እንደ መዝናኛ ነው የነገረኝ። ጉማሬና የሐይቁን መንገድ መካከል የቆመ ሰው ምን እንደሚሆን ድንገተኛ ክፍል የሠራን እናውቃለን።

ሦስተኛው ነገር ጥርስ ነው። ስምጥ ሸለቆ ውስጥ የከርሰ ምድር ውኃ ፍሎራይድ በብዙ ቦታ ከፍተኛ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው። የልጅ ቋሚ ጥርስ የሚሠራው ከስምንት ዓመት በፊት ስለሆነ፣ ጥርስ ላይ የሚወጣው ቡናማ ነጠብጣብ የሚያዘው በዚያ ዕድሜ ነው፤ ካለፈ በኋላ የሚጠጡት ውኃ ጥርሱን አይለውጠውም። ትንሿ ልጄ ያኔ አምስት ዓመቷ ነበር። «የራሱ ጉድጓድ አለው፣ ውኃ አይቋረጥበትም» የሚባል ቤት ስታዩ እንግዲህ ይህ ሙገሳ ብቻ አይደለም፣ ውጤቱን በወረቀት ጠይቁ። ማፍላት ፍሎራይድን አያወጣም፤ እንዲያውም ውኃው ሲቀንስ እሱ ይበዛል።

ስለ ግዢም አንድ ነገር። መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ የምትገዙት ቤቱንና የሊዝ መብቱን ነው። ከሐይቁ ዳር ያለው ቦታ ደግሞ በከተማው ፕላን አረንጓዴ ተቀብቶ ሊሆን ይችላል። ካርታውን ብቻ አትዩ፣ ፕላኑን ይዞ ከሚያሳያችሁ የማዘጋጃ ቤት ባለሙያ ጋር ቦታው ድረስ ሂዱ። ሐይቁም ራሱ ድንበሩን አያከብርም። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ሞልቶ ዳር ዳሩን ስላጥለቀለቀ ነው ያ ሰው ማታ ማታ የሚንሸራሸርበት የአፈር ግድብ የተሠራው። በሌላ አገራችን ክፍል ሐረማያ ደርቆ አይተናል፤ በሰቃ ደግሞ በተቃራኒው እየሰፋ መንገድና እርሻ በላ። ሐይቅ ዳር ቤት የሚገዛ ሰው የሽማግሌ ጎረቤት ፈልጎ «በዕድሜዎ ውኃው የደረሰበት ከፍተኛው ቦታ የት ነው?» ብሎ መጠየቅ አለበት። እኔ ሁለት ጠየቅኩ። ሁለቱም አንዱን ዛፍ ነው ያሳዩኝ፤ የመጀመሪያው ቤት ከዛፉ በታች ነበር።

በመጨረሻ የያዝነው ቤት ከሐይቁ ሃያ ደቂቃ በእግር የሚያስኬድ፣ ከፍ ያለ፣ የከተማ ቧንቧ የገባለት ነው። ኪራይ ነው፤ ሳንገዛ አንድ ክረምት እንይ አልን፣ አሁንም እንደዚያው ነን። ከመስኮቱ ሐይቁ አይታይም። ጣሪያ ላይ ውኃ ማጠራቀሚያውን ለማየት ስትወጡ ብቻ በቀኝ በኩል ትንሽ ይብለጨለጫል። ከዲያሊሲሱ በባጃጅ ሩብ ሰዓት ነው፤ እናቴ ከማሽን ስትወርድ ግፊቷ ስለሚወርድና ስለሚያዞራት፣ ከእይታው ይልቅ ይህ ሩብ ሰዓት ነው ቤቱን ያስመረጠን።

እናቴ ሐይቁን ለመደችው ወይ? በራሷ መንገድ። ዲያሊሲስ ላይ ያለ ሰው የሚጠጣው እንደሚለካ ታውቃላችሁ፤ ከሽንቷ መጠን ግማሽ ሊትር ገደማ በላይ አይፈቀድላትም፣ በሲኒ ነው የምትለካው። ቡናም ፖታሲየም ስላለው ሦስቱን ሲኒ ወደ አንድ አውርደንባታል፤ ከቴፒ የመጣች ሴት ላይ የተፈጸመ ትልቁ ጭካኔ ይሄ ነው፣ እሷም ለመጣ እንግዳ ሁሉ ትከሰኛለች። ሐይቁ ዳር ስንወስዳት መጀመሪያ ያለችው «ይሄን ሁሉ ውኃ ላይ ላዩን እያሳያችሁ ከልክሉኝ» ነበር። አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ አሞራ ገደል ዓሣ ትመርጣለች። ቆሮሶ ትወዳለች፣ አምባዛ አትነካም። ፕሮቲን ያስፈልጋታልና እሰየው ነው። ጥሬውን ግን እንግዳም ቢሆን ፊቷ አይበላም፤ ይህን እኔ አላስተማርኳትም።

ስለ ቴፒም ሳልናገር አልወርድም። «ሐኪም ከዳር አገር ወደ ከተማ ፈለሰ» የሚለው ወሬ እኔንም ይመለከታል፣ አውቃለሁ። የደም ግፊት ታካሚዎቼን መዝገብ አንድ በአንድ ጽፌ ያስረከብኩት ከሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ ለተመረቀ ወጣት ሐኪም ነው። እኛ በተመረቅንበት ጊዜ ያ ዩኒቨርሲቲ አልነበረም፤ አሁን እዚያው የሚያስተምር፣ እዚያው የሚመረቅ አለ። ልጁ ጎበዝ ነው፣ ግን ብቻውን ነው። በሳምንት አንድ ሁለቴ ማታ ይደውልልኛል፤ አንዳንዴ ስለ በሽተኛ፣ አንዳንዴ ዝም ብሎ። ከእናንተ መካከል የኩላሊት፣ የልብ፣ የስኳር ስፔሻሊስት የሆናችሁ እጃችሁን አውጡልኝ እስኪ... ስምንት። ከስብሰባው በኋላ ቁጥራችሁን እወስዳለሁ፣ ለእሱ ነው። ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ቢደውል አታሳፍሩት። እናቴን የያዝናት ኩላሊቷ ከደከመ በኋላ ነው፤ ቴፒ ውስጥ ግፊታቸው አሁን 160 እና 170 የሆነ፣ ገና ማሽን የማያስፈልጋቸው ብዙ እናቶች አሉ። ለእነሱ የሚሆን ሐይቅ ዳር ቤት የለም።

ሐዋሳ ስትመጡ ደግሞ ቤታችን ቤታችሁ ነው። ቡናው የቴፒ ነው፣ በየወሩ ይላክልናል። ማክሰኞና ዓርብ ብቻ አትምጡ፤ ማሽን ቤት ነን።